አፏን ፈታች ወይ?

ጅማ፣ ሐምሌ

እህትዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቼብሽ ዛሬ እንዲህ ብዬ ስጀምር ለራሴም ከበደኝ። ሌላ አጀማመር ግን አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ መርካቶ በርበሬ ስገዛ ታናሽ እህትሽን አገኘኋት። ሰባተኛ ወርሽን እንደያዝሽ ነገረችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቤት እንደገባሁ ወረቀት አወጣሁ። መደወል እችል ነበር። ግን በስልክ ድምፄ ይቆረጥብኛል፤ ይሄ ደግሞ እስከ መጨረሻው መነገር አለበት።

መጀመሪያ ለምን እንደጠፋሁ ልንገርሽ። ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ሚጣዬ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። "አፏን ፈታች ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ትንሽ ትንሽ" አልኩሽ። ዋሸሁሽ። አንድም ቃል አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ስልክሽ ሲጠራ እያየሁ ዝም አልኩ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ እኔን ያስፈራኝ ጥያቄው ነው። ይቅር በይኝ።

ልጄ አትሰማም፣ እህቴ። ያወቅነው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሲሆናት ነው።

የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ እየተጯጯህን ነው የምናወራው። እሷ ግን ለጥ ብላ ትተኛለች። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች "እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት፣ እናቷን አታስቸግር" ይሉኛል። እኔም እኮራ ነበር። አሁን ክረምት በገባ ቁጥር ያ ኩራቴ ትዝ ይለኛል።

በአራት በአምስት ወሯ "አጉ" ትላለች፣ ትስቃለች፣ ድምፅ ታወጣለች። ስለዚህ ማን ይጠረጥራል? የማይሰሙ ሕፃናትም መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ልጅ ድምፅ እንደሚያወጡ ያወቅኩት በኋላ ነው። ዓመት ካለፋት ወዲያ ትንሽ ስጋት ሲገባኝ ከኋላዋ የድስት ክዳን ጣልኩ። ዞር አለች። "ይኸው ሰማች!" አልን። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሯ ተሰምቷት እንደሆነ ማን ይንገረን? በር ሲዘጋ ነፋሱን፣ ሰው ሲገባ ጥላውን ታያለች። ብልህ ልጅ ናት፤ በዓይኗና በቆዳዋ ሁሉን ትከታተል ነበር። አያቷ ደግሞ "አባቷም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው፣ ተይ አትጨነቂ" ይሉኛል። ለደግነታቸው ነው። እኔም መስማት የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

ስትወለድ ሙቀት ክፍል ዘጠኝ ቀን እንደቆየች ታስታውሻለሽ። ቢጫ ሆና መብራት ስር አስተኟት፣ ኢንፌክሽንም ነበረባትና ጄንታማይሲን ተሰጣት። ያ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ጆሮ ይጎዳል። ግን ነፍሷን ያተረፈው እሱ ነውና አልወቅሰውም። ደግሞ ምክንያቱ እሱ ይሁን ቢጫው ወይም ሌላ ነገር፣ በእርግጠኝነት የነገረን የለም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ከዚያ ክፍል ስንወጣ "የጆሮ ምርመራ ያስፈልጋታል" ያለን አንድም ሰው አልነበረም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ! ሦስት ዓመት ታተርፍልን ነበር።

አሁን ወደ ማሙሽ ልምጣ። አዎ፣ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፤ ይሄንንም አልነገርኩሽም። ስምንት ወሩ ነው። እሱን በ19 ቀኑ አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኩት። ቤተሰቡ ምን እንዳለ መገመት አያቅትሽም። "አራስ ሳትወጣ የት ትሄዳለች? ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ተይዞ 350 ኪሎ ሜትር?" ባለቤቴ ግን ከእኔ ጋር ቆመ። ግቤ በረሃ ስንደርስ ሙቀቱ ለብቻው ነበር፤ እየጠባ እየተኛ ደረሰ።

የመጀመሪያው ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ልጁ ጠግቦ ሲተኛ ይሠሩታል። ጫፏ ለስላሳ ጎማ የሆነች ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ትገባለች። ምንም አያመውም። መሣሪያዋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ትልክና ታዳምጣለች። ምን ታዳምጣለች ትይኛለሽ። ጆሮ ራሱ ድምፅ ይመልሳል፣ እህቴ! በውስጠኛው ጆሮ፣ እንደ ቀንድ አውጣ በተጠቀለለው ክፍል ውስጥ፣ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ህዋሳት አሉ። ጤነኛ ከሆኑ ድምፅ ሲመጣላቸው ይንቀሳቀሱና በጣም ቀጭን የሆነ ማሚቶ ወደ ውጭ ይልካሉ። እኛ አንሰማውም፤ መሣሪያዋ ትሰማዋለች። ይህን ያገኘው ዴቪድ ኬምፕ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው፤ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ባለሙያዋ ስትነግረኝ ልጄን አቅፌ ዝም ብዬ ቀረሁ። ሰው ስንት ሺህ ዓመት ጆሮ ይዞ ኖሮ፣ ጆሮ እንደሚመልስ የታወቀው በእናቶቻችን ዕድሜ ነው።

ውጤቱ "ፓስ" ወይም "ሪፈር" ይላል። የቀኝ ጆሮው ፓስ አለ። የግራው ሪፈር። ልቤ ቀጥ አለ። ባለሙያዋ እጄን ይዛ "ሪፈር ማለት አይሰማም ማለት አይደለም፤ ይደገም ማለት ነው" አለችኝ። ልጁ ከተንቀሳቀሰ፣ ክፍሉ ከጮኸ፣ ጆሮው ውስጥ ቆሻሻ ካለ ማሽኑ ማሚቶውን ላያገኘው ይችላል። በተለይ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ሲመረመር፣ ከማህፀን የመጣ ፈሳሽና ነጭ ቅባት ጆሮው ውስጥ ስለሚቀር ብዙ ልጅ በዚያ ብቻ ሪፈር ይባላል። ያንቺም ከተባለ እንዳትደነግጪ። ግን እንዳትተዪውም። "ደህና ነው፣ ጤነኛ ይመስላል" ብሎ ሳይመለስ የሚቀር ብዙ ነው፤ ክፉው ነገር እዚያ ላይ ነው። የእኛ በማግስቱ ተደግሞ አለፈ።

ሌላም ምርመራ አለ። እሱን ልብ በዪልኝ። ሦስት ትናንሽ ተለጣፊዎች ግንባሩ፣ ማጅራቱና ትከሻው ላይ ይለጠፋሉ። በጆሮው ለስላሳ ድምፅ ይለቀቃል። ከዚያ ማሽኑ ድምፁ በነርቭ አልፎ አንጎል ሥር መድረስ አለመድረሱን ያነባል። የመጀመሪያው የሚያየው ጆሮን ብቻ ነው። ጆሮው ማሚቶ እየመለሰ መንገዱ ላይ ያለው ነርቭ ግን መልእክቱን በትክክል የማያደርስ ልጅ አለ፤ እሱ በመጀመሪያው ምርመራ ያልፋል። ይህ ችግር ሙቀት ክፍል በቆዩ ልጆች ላይ ስለሚበዛ፣ ከአምስት ቀን በላይ ለቆየ ልጅ ይሄኛው ነው የሚመከረው። አያድርገውና ልጅሽ እዚያ ከገባ፣ በስም ባታውቂውም "የነርቩን ምርመራ፣ በተለጣፊ የሚሠራውን" ብለሽ ጠይቂ። ማሙሽን እህቱ ስለማትሰማ ሁለቱንም አስደረግነው።

"በእኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር የለም" እንዳትዪኝ። በቋሚነት የመስማት ችግር ይዘው የሚወለዱት ከ1000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 ናቸው። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ቀድሞ የሚያስጠረጥር ምንም ነገር የላቸውም። መስማት ከተሳናቸው 10 ልጆች 9ኙ የሚወለዱት ደግሞ ከሚሰሙ ወላጆች ነው። እንደ እኔና እንዳንቺ ካሉ ሰዎች ማለት ነው።

ባለሙያዎቹ አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት ይላሉ። ምርመራው አንድ ወር ሳይሞላው። ካላለፈ፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ሦስት ወር ሳይሞላው ተጣርቶ እንዲታወቅ። እርዳታው፣ የመስሚያ መሣሪያም ይሁን የምልክት ቋንቋ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው እንዲጀመር። ቋንቋ የሚተከለው በእነዚያ ወራት ነዋ። የእኔ ልጅ ያን ጊዜ ሁሉ ያለ አንድም ቋንቋ አሳለፈችው። "ወተት" የምትልበት እንኳ አልነበራትም፤ እጄን ጎትታ ማሰሮው ጋ ትወስደኝ ነበር።

አንቺ ያለሽበት ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ነው። አሁኑኑ፣ ሆድሽ ሳይከብድሽ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ቦታ ሄደሽ ምርመራው የት እንደሚሠራ ጠይቂ። ከወለድሽ በኋላ እንቅልፍ አጥተሽ ፍለጋ አትወጪም። ካለፈም በኋላ ዓይንሽን አትንቀይ። በኋላ የሚመጣ አለ፤ ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ለምሳሌ ወዲያው መመርመር አለበት። ከተጠራጠርሽ የማንንም "ተይ፣ ይፈታል" አትስሚ። የእኔንም ቢሆን።

ሚጣዬ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ክፍል ገብታለች፤ እኔም ማታ ማታ ከእሷ እማራለሁ። እሷ ፈጣን ናት፣ እኔ ጣቶቼ ይተሳሰሩብኛል። ሀ ሁ ሂን በእጇ ስትጽፍ ብታያት! እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ እጇን ስታንቀሳቅሰው ደግሞ ካዕብ ሣልስ እያለ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ዝም ብላ ስለምትቀመጥ ዝምተኛ ይላታል። ቤት ውስጥ ግን እንደ እሷ ወሬኛ የለም። ማሙሽም እጇን እያየ እጁን ማወናጨፍ ጀምሯል።

ትናንት ይህን ስጽፍ መጥታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የትምህርት ቤት ፎቶአችንን አሳየኋት። አተኩራ አየችሽና ጣቷን የፊት ጥርሷ መሀል አደረገች። ፍንጭትሽን ነው። ከአሁን በኋላ እኛ ቤት ስምሽ ይሄ ነው፤ አንዴ ካወጣች አትቀይርም።

በቪዲዮ ደውዪልን። ክረምት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። ራሷ ትጠራሻለች።

ናፋቂሽ፣
ጅማ ያለችው እህትሽ