ፈቃዱ የታማሚው ነው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሐኪምና በታማሚ መካከል የሚነሡ የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን ሕግ ባይነካቸው ይሻላል የሚል አስተያየት ከሐኪም ወዳጆቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። በጅማ ከተማ በጥብቅና የምሠራ አንባቢያችሁ እንደመሆኔ በዚሁ ላይ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ጉዳዩ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ በችሎት የሚገለጥ መዝገብ ተረኛው ሐኪም በዚያች ሌሊት የነበረበትን ጭንቀት አያሳይም።

ይሁን እንጂ ሕጋችን በሐኪሙ ሙያ ላይ አዛዥ ልሁን አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 የባለሙያን ጥፋት የሚመዝነው በሳይንሱና ሙያው በተቀበላቸው ደንቦች ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 69 የሙያውን ልማድ ተከትሎ የተፈጸመና ከባድ የሙያ ጥፋት የሌለበት ተግባር አያስቀጣም ይላል። እንግዲህ የትኛው መድኃኒት ወይም የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ሕጉ የሚመራው መልሶ ወደ ሐኪሞቹ ነው።

ለሐኪሞቹ ያልተወው ጥያቄ ውሳኔው የማን ነው የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20፣ እንደ ክትባት ያሉ በሕግ የሚታዘዙ ግዴታዎችና የአሳዳሪ (ራሱን ችሎ መወሰን ለማይችል ሰው በሕግ ኃላፊ የሆነ ጠባቂ) ሥልጣን እንደተጠበቁ ሆነው፣ ማንኛውም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረ ቢሆንም በየሆስፒታሉ መኝታ ክፍል የሚታየው ግን ሌላ ነው። በሽታው የከበደ እንደሆነ ሐኪሙ ታላቅ ወንድምን ወይም ባልን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ያማክራል፣ አስታማሚዎች ይመክራሉ፣ ሕመሙን የተሸከመው ሰው ከሁሉ በኋላ ይሰማል፤ አንዳንዱም ሳይሰማ ይሞታል። ልማዱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ያወጣ ሐኪም እንደሚቀጣ ሲደነግግ፣ ዘመድ ከሆነ ይነገረው የሚል ልዩነት አላነበብኩበትም። ታማሚው ራሱ ለወንድሜ ንገሩልኝ ካለ ችግር የለም፤ ግን መጀመሪያ ይጠየቅ።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያከብደው ቋንቋ ነው። ወደ ጅማ ለሕክምና የሚመጣው ሰው ከጅማ ዞን ገጠር ብቻ ሳይሆን ከካፋ፣ ከዳውሮና ከየም ጭምር ነው፤ ሐኪሙና ታማሚው የጋራ ቋንቋ ሲያጡ የሚያስተረጉመው የተገኘው ሰው ይሆናል። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እናቱ ማኅፀኗ ሊወጣ መሆኑን እንዲነግራት ሲታዘዝ ምን ብሎ ይነግራታል? አፍሮ ያለዝበዋል፣ ግማሹን ይተወዋል፣ እርሷም በማታነበው ቅጽ ላይ አሻራዋን ታሳርፋለች። ተቋሙ ወረቀቱን ከካርዷ ጋር አያይዞ ሕጉን የፈጸመ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ያ አሻራ ፈቃድ ሊባል አይችልም፤ አንቀጽ 20ም የሚጠብቀው ሰውዬዋን እንጂ የተቋሙን መዝገብ አይደለም።

ሕግ ከልማዳችን ይልቅ ለታማሚ የሚራራበት ቦታም አለ። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ጽንሱ እንዲቋረጥላት ስትጠይቅ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 የእርሷ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ እንደሆነ በግልጽ ደንግጓል። ከፖሊስ ወረቀት አምጪ ብሎ የሚመልሳት ባለሙያ ሕጉ ያልጠየቀውን እየጠየቀ፣ የተጎዳችን ሴት ዳግመኛ ያንገላታል።

ስለዚህ ለወዳጆቼ የምለው፣ ሕግ ወደ መኝታ ክፍሉ ይግባ፣ የሚገባውም ክስ ከተመሠረተ በኋላ ሳይሆን ውሳኔው ገና ሲመከርበት ይሁን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምንም የሕግ ባለሙያንም የሚያስተምር ተቋም ነው፤ የሕክምና ተማሪዎቹንም በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርቱ ወደ ሕዝቡ በማሰማራት የታወቀ ነው። የሕግ ተማሪዎቹ አብረዋቸው ቢወጡና ስለ ፈቃድ አጠያየቅ በአንድ ክፍል ቢማሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የክልሉ ጤና ቢሮና የሆስፒታሎች አስተዳደር አስተርጓሚን በቋሚ የሥራ መደብ ይቅጠሩ፤ ሥልጠና ይስጡት፣ ምስጢር ለመጠበቅም ያስፈርሙት፤ ማታም ተረኛ ይኑር፣ ድንገተኛ ሕመም የሥራ ሰዓት አይጠብቅምና።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከጅማ