ይድረስ ለድሬዳዋ ከዚራው ወንድሜ

ውድ ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ሜሪላንድ ውጣው ቀረች» እያልክ እንደምታማኝ ከእህትህ ሰምቻለሁ። አንተም ብትሆን መስመር አልላክህልኝም፤ ስለዚህ ሒሳቡን እኩል አድርገን እንለፈው። የእናትህን ዕረፍት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከእሳቸው ማዕድ ያልቀመሰ የሠፈር ልጅ ማን ነበር? ስለ እሳቸው በስልክ እናወራለን፤ በወረቀት አይሆንልኝም።

ዛሬ የጻፍኩልህ የቶርኖ ሥራ ስላለኝ ነው። እባክህ ሳትስቅ አንብበው።

ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ከወጡ ወዲህ ባዶ የቀረውን ክፍል ባቡር አስገብቼበታለሁ። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ ኤች ኦ የሚሉት ዓይነት ነው። «የእኛን ምድር ባቡር ለምን አልሠራህም?» እንደምትል አውቃለሁ። የእኛ የድሮው የጅቡቲ ሃዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በዚህ መጠን ሲያንስ 12 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ይፈልጋል። በዚያ ስፋት ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደግሞ በአብዛኛው የስዊዘርላንድ የተራራ ባቡር ነው። በስዊስ ባቡር ድሬዳዋን ልሥራ ብል አባቴ ከመቃብሩ ይነሣብኛል። ስለዚህ የአሜሪካን የእንፋሎት ዘመን ይዣለሁ።

እንፋሎት ካልክ ደግሞ ማዞሪያ፣ ማለትም ባቡሩን የሚጎትተውን ሞተር ተሸክሞ የሚዞር ባለ ሃዲድ ድልድይ፣ የግድ ነው፤ ሞተሩ ፊቱን ካልመለስክለት ወደ መጣበት የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ባልቲሞር ያለውን የቢ ኤንድ ኦ የባቡር ሙዚየም ሄጄ አየሁ። ዋናው አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1884 የተሠራ ባለ 22 ጎን ክብ ቤት ነው። በ2003 የወረደ ከባድ በረዶ ጣሪያውን በከፊል ጥሎት ነበር፤ ዛሬ ተጠግኖ ቆሟል። ማዞሪያው መሐል ላይ ነው፤ ሃዲዶቹ ከእሱ ተነሥተው ዙሪያውን ወደ ቆሙት ባቡሮች ይዘረጋሉ። ድሮ ነጂው ሞተሩን ክብደቱ ልክ መሐለኛው ምሰሶ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ካቆመው፣ ያን ሁሉ ብረት ጥቂት ሰዎች በትከሻቸው ገፍተው ያዞሩት ነበር። ትንሽ ካለፈበት ግን ንቅንቅ አይልም። የኔ ቢጤው ትንሹ ማዞሪያ የክብደት ጣጣ የለበትም። የእሱ ጣጣ መግጠም ነው፤ የድልድዩ ሃዲድ ከውጪው ሃዲድ ጋር ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተላለፈ ጎማው ይወጣል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። እዚህ ያሉ የባቡር ወዳጆች ሁሉ የሚመክሩት ትልቁን ግዛ ነው። የዋልተርስ ኩባንያ ትልቁ ማዞሪያ የ130 ጫማ ድልድይ ምሳሌ ነው፤ 45 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ጉድጓዱ ሲጨመርበት የእንጀራ ምጣድ ሊያክል ምንም አይቀረው። የሚገርምህ ነገር፣ የዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ግዙፉ የእንፋሎት ሞተር ቢግ ቦይ ከነከሰል ጋሪው ከ40 ሜትር ስለሚበልጥ በዚህ መጠን ሲሠራ 46 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከድልድዩ ይረዝማል ማለት ነው። ቢሆንም ይዞራል! ቁም ነገሩ ያለው ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ድረስ ነው፤ ያ ርቀት 41 ሴንቲ ሜትር ግድም ብቻ ነው። አፍንጫውና ጅራቱ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። እኔ ግን ቢግ ቦይ የለኝም፤ ልገዛም አላሰብኩም። የእኔ ረጅሙ ሞተር ከጎማ እስከ ጎማ 26 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ለሌለ ባቡር ጠረጴዛዬን የምሠዋበት ምክንያት አልታየኝም።

የአትላስ ኩባንያው ማዞሪያ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በ15 ዲግሪ ልዩነት 24 ቦታ ላይ በራሱ ይቆማል። ነገር ግን 23 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሳልወድ ተውኩት። የፍላይሽማኑ 31 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በየ7 ተኩል ዲግሪው ይቆማል፤ በ48 ቦታ። ብዙ ሲሆን ደስ ይላል፤ ሒሳቡን ስትሠራው ግን ሌላ ነው። የሞተሮቹ ማደሪያ ቤት በሮች በ6 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንዲራራቁ ብትፈልግ፣ በ15 ዲግሪ ከመሐሉ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀህ ቤቱን ትሠራለህ። በ7 ተኩል ዲግሪ ግን 50 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለብህ። ቦታ የሚበላው ማዞሪያው ሳይሆን ከእሱ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚወጣው ሃዲድ ነው፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

በመጨረሻ የፔኮን ገዛሁ። ድልድዩ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ተገጣጣሚ ሆኖ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይኖረው ነው የሚሸጠው። የፈለግሁትም ይህንኑ ነው፤ የት የት እንደሚቆም እኔ እወስናለሁ። ኮምፔርሳቶውን ቆርጬ ጉድጓዱን አስገብቻለሁ። መሐለኛውን እንብርት ግን ትቼ በ8 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግና በሁለት ኩሽኔታ ልተካው ነው፤ ከሥር በሞተር ስለማዞረው ላላ ያለ ነገር አልፈልግም። የማርሹ ጥርስ ትንሽ ክፍተት እንዳይቀር ስለማይሆን፣ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እያመጣሁ አቆመዋለሁ።

ያንተ ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ በሁለቱ ሃዲዶች ነው የሚሄደው፤ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጌቲቭ። ድልድዩ ግማሽ ዙር ሲዞር ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉና ከውጪው ሃዲድ ጋር ሲገናኝ ኮንታክት ይፈጥራል። ይህን በራሱ የሚያስተካክል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይሸጣል፤ እኔ ግን በዓይኔ የማየው መፍትሔ ይሻለኛል። ዘንጉ ላይ የሚታሰር፣ ለሁለት የተሰነጠቀ የነሐስ ቀለበት ነው የሚያስፈልገኝ። እያንዳንዱ ግማሽ ከድልድዩ አንድ ሃዲድ ጋር ይያያዛል፤ ከታች ሁለት ሽቦዎች በተቃራኒ ወገን ቀለበቱን ይነካሉ። ስንጥቁ ሽቦውን ሲያልፍ መብራቱ በራሱ ይገለበጣል። ስንጥቁን ሃዲድ በሌለበት አቅጣጫ ላይ አውለዋለሁ።

ልኩ ይኸውልህ፦ የውጪው ዲያሜትር 30 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 10፣ ውስጡ 20። እኔ ውስጡ የፕላስቲክ ቡሽ አስገብቼ ከዘንጉ እለየዋለሁ። ስንጥቁ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፤ ሽቦዬ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጠባብ ከሆነ ሁለቱን ግማሽ አንድ ላይ ይነካና ያው ኮንታክት ነው። የውጪውን ፊት በደንብ አለስልሰው። ታናሽ እህቴ ለገና ወደ ድሬ ትመጣለች፤ በእሷ ብትልክልኝ ይደርሰኛል። እግረ መንገድህን ስለ ልጆችህም ጻፍልኝ፤ ትልቁ ቶርኖውን ይወዳል ወይስ ይሸሸዋል?

ነሐስ ካጣህ መዳብም ይሆናል። አሉሚኒየም ግን እንዳትልክብኝ፤ ስታኞ አይዝልኝም።

ወንድምህ