ወደ ባዮሎጂ ለምትመለሺው ልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

ዩኒቨርሲቲ ተመልሰሽ ባዮሎጂ ልትማሪ መወሰንሽን አንብቤ በጣም ደስ ብሎኛል። «ተመርቄ ምን እሠራለሁ?» ያልሽውን ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ነው ያመጣሽው፤ እኔ ከሁሉ በፊት እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። የነርሲንግ ወይም የአካውንቲንግ ዲግሪ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። የባዮሎጂ ዲግሪ እንደዚያ አይደለም። ማስታወቂያ ላይ የምታገኚው የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ የምርምር ረዳት፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ፣ የመረጃ ተንታኝ የሚል ነው። ዲግሪው ወደ እነዚህ ሁሉ ያስገባል፤ ወደ አንዳቸውም ግን ብቻውን አያደርስም።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ልትኖሪበት በምታስቢበት አካባቢ የወጡ ሠላሳ ያህል ማስታወቂያዎች ሰብስቢና በሠንጠረዥ አስቀምጫቸው። ከእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ዝቅተኛው የትምህርት ደረጃ፣ በስም የተጠቀሰ መሣሪያ ወይም የሙከራ ዘዴ፣ የሙያ ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የታካሚ ናሙና መመርመር በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ የሕክምና ላብራቶሪ ትምህርትና ፈቃድ ይጠይቃል፤ የባዮሎጂ ምሩቅ ማይክሮስኮፕ ስለሚያውቅ ብቻ አይቀጠርም። ትምህርት ቤት ለማስተማርም ብዙ ጊዜ የመምህርነት ሥልጠና ይጨመርበታል። የራስሽን ምርምር መምራት ከፈለግሽ ዶክትሬት የግድ ነው ማለት ይቻላል፤ ዶክትሬቱ ብቻውን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ይህን ሦስተኛ ዓመት ላይ ከምትሰሚው ዛሬ ማወቅሽ ይሻላል።

ቀጥሎ የድሮ ኮርሶችሽ ጉዳይ አለ። ትራንስክሪፕት ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘትም ያዢ፤ ኮርሱ እኩያ መሆኑን የሚወስነው ክፍል የሚያየው ይዘቱን ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመታት ያለፋቸውን የሳይንስ ኮርሶች አይቀበሉም። ሬጅስትራሩ «ይያዝልሻል» ቢልሽ በጽሑፍ ተቀበዪ፤ በቃል የተባለ ነገር ምረቃ ሲደርስ አያድንም። ኮርሱ ተይዞልሽ ነገር ግን ጄነራል ኬሚስትሪን ረስተሽው ከሆነ እንደገና ብትወስጂው ይሻላል። የቀረልሽ ኮርስ ወዲያው በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያስከፍልሻል።

የጊዜ ሰሌዳሽንም በኬሚስትሪ ጀምሪ። ሰንሰለቱ ረጅም ነው፦ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴሚስተር ጄነራል ኬሚስትሪ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር ኦርጋኒክ፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ። ኬሚስትሪው ይከብደኛል ብሎ በመጀመሪያው ዓመት የባዮሎጂ ኮርሶችን ብቻ የወሰደ ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ኮርስ ሲጠብቅ ይቀመጣል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ከሆነ ደግሞ አንዴ መውደቅ ወይም ማቋረጥ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ሥራ እየሠራሽ የምትማሪ ከሆነ በአንድ ሴሚስተር ላብራቶሪ ካላቸው ኮርሶች ከሁለት አትለፊ። ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጭ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ቁጠሪ። የላብራቶሪ ኮርስ ክሬዲቱ ትንሽ ቢሆንም ሪፖርቱ ከቤት ሰዓትሽ ብዙ ይወስዳል።

ባዮሎጂ በሽምደዳ የሚታለፍ ትምህርት ነው የሚባለውን አትስሚ። ተማሪ በብዛት የሚሰናከለው ሒሳቡ ላይ ነው፤ ሒሳቡም ከባድ ሆኖ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። 500 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.1 ሞል ያለበት) የገበታ ጨው ሙሙት፣ ማለትም ጨው የሟሟበት ውኃ፣ አዘጋጂ ተባልሽ እንበል። የጨው ሞላር ክብደት፣ ማለትም የአንድ ሞል ክብደት፣ 58.44 ግራም ነው፤ በ0.1 ሲባዛ፣ ከዚያ በ0.5 ሊትር ሲባዛ 2.92 ግራም ይሆናል። ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ጨው ላይ 500 ሚሊ ሊትር ውኃ መጨመር። የሟሟው ነገር ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ጠቅላላው ይዘት ከ500 ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙ ነገር የሚሟሟበት ሙሙት ላይ ደግሞ ልዩነቱ እየጎላ ይሄዳል። መጀመሪያ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ውስጥ አሟሚው፣ ከዚያ እስከ 500 ምልክቱ ድረስ ሙዪው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም እንደዚሁ ነው፤ ከ7 ወደ 6 መውረድ ትንሽ ቢመስልም የሃይድሮጂን አየኑ መጠን አሥር እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የክፍልፋይ፣ የአሃድ ቅየራና የሎጋሪዝም ጥያቄዎችን በየቀኑ ሠርተሽ ግቢ።

ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ በልክ የሚስብ መሣሪያ) ስትይዢም ቁልፉ ሁለት ማቆሚያ እንዳለው አትርሺ። ፈሳሽ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት እስከ መጀመሪያው ድረስ ብቻ ተጫኚ፣ ጫፉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ አጥልቀሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ሁለተኛው ማቆሚያ የቀረውን ጠብታ ለማስወጣት ነው፤ ከእሱ ተነስተሽ ከሳብሽ መጠኑ ይበዛብሻል፣ ሙከራሽም ለምን እንደተበላሸ ሳይገባሽ ይቀራል። ፒሲአር (የዲኤንኤን ቁራጭ የሚያባዛ ዘዴ) ስትሠሪ በዲኤንኤ ፋንታ ውኃ የገባበት አንድ ቱቦ ሁልጊዜ ይኑርሽ። ዲኤንኤው በመጠኑ ተለይቶ በሚታይበት ጄል ላይ እሱም የምትጠብቂውን መስመር ካሳየ የሆነ ቦታ ብክለት ገብቷል፤ የሌሎቹን ውጤት አትመኚው።

ከትምህርቱ ርቀሽ በቆየሽበት ጊዜ ሙያው ተለውጧል። የሰው ዘረመል ንባብ ተጠናቀቀ የተባለው በ2003 ነበር፤ ሳይነበብ የቀረው ስምንት በመቶ ገደማ የታተመው ግን በ2022 ነው። ክሪስፐር የተባለው ከባክቴሪያ የተገኘ ዘዴ ዘረመልን ለመቁረጥ እንደሚያገለግል የታየው በ2012 ነው፤ ኢማኑኤል ሻርፓንቲየና ጄኒፈር ዳውድና በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝተውበታል። በ2024 ደግሞ የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር የመተንበይ ሥራ ያንኑ ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ለአንቺ ይህ ማለት ስታቲስቲክስ እንደ ትርፍ ኮርስ አይታይም ማለት ነው። ከእሱ ጋር አር ወይም ፓይተን የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ናሙና መሥራትም መረጃውን መተንተንም የሚችል ምሩቅ አንዱን ብቻ ከሚችለው ይልቅ ብዙ በር ይከፈትለታል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሥራው የሚስብሽን መምህር ምረጪና አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ የትኛውን ጥናቱን እንዳነበብሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለሽ፣ ምን መማር እንደምትፈልጊ። መጀመሪያ ዕቃ ማጠብና የባክቴሪያ ማሳደጊያ ማዘጋጀት ይሰጥሻል፤ አትናቂው፣ ጥንቃቄሽ የሚታየው እዚያ ነው። ዓመት ከቆየሽ ስለ ሥራሽ በዝርዝር የሚመሰክርልሽ ሰው ይኖርሻል። ሲቪሽ ላይም «ፒሲአር አውቃለሁ» ብለሽ አትተዪው፤ ከምን ናሙና ዲኤንኤ እንዳወጣሽ፣ ስንት ናሙና እንደሠራሽ፣ ውጤቱን በምን እንዳረጋገጥሽ ጻፊ።

ሠንጠረዡን እንደጨረስሽ ላኪልኝ። ከማስታወቂያዎቹ በብዛት የሚደጋገመውን ዘዴ አስምሪበት፤ ምርጫ ኮርሶችሽን ከእሱ ተነስተን አብረን እናወጣለን።

የምትወድሽ እናትሽ