ለወንድሜ የደረሳችሁለት ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ታናሽ ወንድሜ እዚህ ሐዋሳ በያጅ ነው። ቤታችን የሚተዳደረው በእሱ እጅ ነው። በቅርቡ ሥራ ላይ እያለ ኤሌክትሪክ ያዘው። አብራችሁት የምትሠሩ ልጆች፣ ሮጣችሁ ሳትነኩት መጀመሪያ ቆጣሪውን አጠፋችሁ። ያ ባይሆን የሁለት ቤት ለቅሶ ነበር የምንቀመጠው። ውለታችሁን አልረሳም።

ነፍሱ ተረፈች፤ ትከሻው ግን አልታዘዝ አለው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ከፊት ለፊት አንድ ራጅ አንስተው «አጥንቱ ደህና ነው፣ ጡንቻ ነው» አሉን። ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። ሲያቃስት አደረ። ጎረቤት ተጨንቆ «ወጌሻ ይየው» ሲል እማዬ ናት «ሌላ ሐኪም ሳያየው ማንም አይጎትተውም» ብላ የቆመችው። እማዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! ስብራት ያለበት ውልቃት ሲጎተት ስብራቱ እንደሚብስ፣ ነርቭና የደም ሥርም ሊጎዳ እንደሚችል ኋላ ሆስፒታል ነገሩን።

ዶክተር፣ እርስዎ ፊልሙን ከማየትዎ በፊት ወንድሜን አዩት። «ክርንህን ከጎንህ ሳታላቅቅ እጅህን ወደ ውጭ አዙር» አሉት። አልቻለም። ክንዱ ወደ ሆዱ ተቆልፏል። ወዲያው ከብብት በኩል የሚነሳ ራጅ አዘዙ።

የራጅ ክፍሏ እህቴ፣ አንቺን በምን ቃል ላመስግንሽ? ያ ፎቶ ክንዱ ከጎኑ ካልራቀ አይነሳም፤ እሱ ደግሞ ሲነኩት ይጮሃል። ጥቂት ታርቂዋለሽ፣ ሲያመው ትቆሚያለሽ፣ «አይዞህ ወንድሜ» ትይዋለሽ፣ እንደገና ጥቂት። ውጭ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነበር። አልቸኮልሽም።

ፎቶው ሲወጣ የክንዱ አጥንት ራስ ከቦታው ወጥቶ ወደ ኋላ ሄዷል። ዶክተሩ የመጀመሪያውንም ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅለው አሳዩን፤ የአጥንቱ ራስ ድቡልቡል ብሎ አምፖል መስሏል። ከ100 የትከሻ ውልቃት 95 ያህሉ ወደ ፊት ነው። ወደ ኋላ የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲይዝ ወይም የሚጥል በሽታ ሲነሳ ጡንቻው ባንዴ ተኮማትሮ ያወጣዋል። ከፊት ብቻ ሲታይም በቀላሉ ያመልጣል። ስለዚህ ክሊኒኩን አልረግምም። ግን «ኤሌክትሪክ ይዞት ነው» እያልን ሁለተኛ ፎቶ አለመነሳቱ አሁንም ያንገበግበኛል። ትከሻው የተጎዳ ሰው ያላችሁ፣ እባካችሁ «በሌላ አቅጣጫም ይነሳ» በሉ።

በማደንዘዣ መለሱለት። በደንብ መግባቱን ለማየት ደግመው ራጅ አነሱት። ጅማቱን ራጅ ስለማያሳይ አልትራሳውንድም ታየ። አሁን ማሰሪያው ተፈቶ ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል። ትናንት ሸሚዙን ራሱ ለበሰ።

ከአቶቴ ጀምሮ ጉድጓድ ባየህ ቁጥር ቀስ እያልክ ያደረስከን ባለ ባጃጅ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብለህ ሄድክ። በድንጋጤ ስምህን እንኳ አልጠየቅንህም። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ብቅ በል፣ እማዬ ቡና አፍልታ ልትመርቅህ ትፈልጋለች።