ለቤተክርስቲያኗ ትራክተር ሰንሰለት ሳታስሩ ዊንተር አትጀምሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው እዚህ ሚኒሶታ ሴንት ፖል አካባቢ ነው፣ የቤተክርስቲያናችንን ፓርኪንግ በረዶ በትንሿ ትራክተር የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ዘንድሮ አራተኛ ዊንተሬ ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚች ትራክተር ጎማ ሰንሰለት ነው፣ እዚህ ስኖው ቼን የሚሉት። ለጋዜጣ የሚሆን ጉዳይ ነው ወይ ትሉ ይሆናል ግን ደብሮቻችን የራሳቸውን ህንጻ እየገዙ ነው፣ ህንጻ ሲገዛ ፓርኪንጉ አብሮ ይመጣል፣ ለኮንትራክተር በየበረዶው ከመክፈል ይሻላል ተብሎ ያገለገለች ኮምፓክት ትራክተር ትገዛለች፣ ከዛ ለአንድ ወጣት ቁልፉ ይሰጠዋል በቃ። ስለ ጎማው የሚጠይቅ የለም።

አምና የገና ለሊት ነው። ቀን ላይ ቀለጥ ያለው በረዶ ማታ ረግቶ መስታወት ሆኗል፣ ላዩ ላይ ደግሞ አዲስ ጣል አድርጎበታል። ቅዳሴው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከላይኛው በር ወደ ህንጻው መግቢያ ያለችውን ቁልቁለት ከፊት ያለውን መዛቂያ ባኬት በረዶ ሞልቼ ስወርድ ፍሬን ያዝኩ፣ ጎማዎቹ ቆሙ ትራክተሯ ግን አልቆመችም። ደረጃው ጋ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ቆመዋል፣ መብራቱ ፊታቸው ላይ ነው፣ ልጅቷ ጓንቷን በጥርሷ ይዛለች እስካሁን አይኔ ላይ አለች። ባኬቱን መሬት ላይ ለቀቅኩት፣ እየፋቀ እየጮኸ ሄዶ ሶስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። እሳቸው "ተመስገን፣ አይዞህ ልጄ" ብለውኝ አለፉ እኔ ግን ከወንበሩ ለመውረድ እግሬ እምቢ አለኝ።

ሁሉም ሰው የሚለኝ "ፎር ዊል ናት እኮ" ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል ለማለት። ፎር ዊል ለመሄድ ነው የሚረዳው፣ ለመቆም ሌላ ነገር ነው። የነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ባኬቱ በረዶ ሲሞላ ደግሞ ክብደቱ ወደፊት ይሄድና የኋላው ይቀላል፣ ስለዚህ ፍሬን ያለበት ጎማ ነው መሬት መያዝ ያቃተው ማለት ነው። (ቁልቁል ስትወርዱ ፎር ዊሉን አስገብታችሁ ውረዱ፣ የፊቱ ከኋላው ጋር ስለሚያያዝ እሱም ይይዛል፣ ይህንንም ያኔ አላውቅም ነበር።) ጎማውም ብዙ ጊዜ አር 4 የሚባለው ነው፣ ለሎደር ማለትም ለመዛቅና ለመጫን ስራ የተሰራ ወፍራምና ሰፊ፣ ሲበርድ ድርቅ ይላል። እኛ በአማርኛ ስኖውንም አይስንም በረዶ ነው የምንለው፣ ለትራክተር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ስኖው ላይ ጎማው ይሰራል አይስ ላይ ብረት ካልነከሰለት ምንም የለም።

ስለዚህ የኋላ ጎማ ላይ ሰንሰለት እሰሩ። የፊቱን ብቻ ማሰር አደገኛ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፊቱ ሲይዝ የኋላው ዞሮ ይቀድማችኋል። ስትገዙ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በሙሉ፣ ለምሳሌ 43x16.00-20 ካለ እንዳለ ገልብጣችሁ ስጡ፣ በግምት እንዳትገዙ። ቱ ሊንክ የሚባለውን ግዙ፣ አግዳሚው ሰንሰለት በየሁለት ቀለበቱ ነው ያለው፣ ፎር ሊንኩ ይረክሳል ግን የተራራቀ ስለሆነ ያንገጫግጫል፣ ጎማችሁ የእርሻው ባለ ትልቅ ጥርስ ከሆነ ደግሞ ሰንሰለቱ በጥርሶቹ መሀል ገብቶ ይተኛል፣ ለሱ ቱ ሊንክ ወይ ዳይመንድ የሚባለው፣ አግዳሚው በአልማዝ ቅርጽ የተጠላለፈው፣ ነው የሚሆነው። አግዳሚው ላይ ትንንሽ ብረት የተበየደበት አለ፣ አይስ የሚበዛበት ቦታ ከሆናችሁ እሱን።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን እጃችሁን በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል አስገቡ፣ በውስጥ በኩልም ዙሩና እዩ። የኛዋ ላይ በውስጥ በኩል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ብቻ ነበር፣ ሰንሰለት ቢታሰር ብረት ከብረት እየተፋጨ አንዱን ይበጥሰው ነበር፣ ስፔሰር የሚባለውን ማራቂያ ብረት ከጎማው ጀርባ አስገብተን ጎማውን ወደ ውጭ ማውጣት ነበረብን።

አስተሳሰሩ ከባድ አይደለም ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሜዳ ላይ አቁሟት፣ ባኬቱን አውርዱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ የተጠማዘዘውን ፍቱ፣ የሜንጦዎቹ አፍ ወደ ውጭ መሆን አለበት፣ ወደ ጎማው ከዞረ ጎማውን ይቦረቡረዋል። ከላይ አልብሱት፣ ትንሽ ነዳ አድርጋችሁ ጫፎቹን አገናኙ፣ የውስጡን መጀመሪያ የውጩን ቀጥሎ፣ ከዛ በላስቲክ ወይ በስፕሪንግ ወጥሩት። ትንሽ ነድታችሁ ተመልሳችሁ እንደገና አጥብቁት፣ ይሄኛውን ነው ሰው ሁሉ የሚዘለው ምክንያቱም መጀመሪያ የጠበቀ ይመስላል ግን ሲዞር ቦታውን ይይዝና ይላላል፣ የላላ ሰንሰለት ደግሞ ፓራፋንጎውን እየገረፈ ነው የሚሄደው። ከኋላ ክብደት አንጠልጥሉ፣ ወይ ጎማው ውስጥ የማይረጋ ፈሳሽ አስሞሉ፣ እዚህ ቢት ጁስ የሚሉትን፣ ስኳር ከሚወጣበት የቢት ስር የሚገኘውን ፈሳሽ፣ ያደርጋሉ፣ ተራ ውሃ ግን ይረጋል። አስፋልቱን ይቧጭራል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉን፣ እውነት ነው ይቧጭራል፣ ቀስ ብሎ መንዳት ጎማ አለማሽከርከር ነው መፍትሄው፣ አስፋልት እኮ ይጠገናል።

አደራ የምላችሁ ይሄን ደብዳቤ አሁን መስቀል እንዳለፈ አውጡልኝ። እዚህ መንትዮቹ ከተሞች በምንላቸው ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በፈረንጆቹ 1991 ዊንተር ሳይገባ፣ ከሃሎዊን ማለትም ከኦክቶበር 31 ጀምሮ በተከታታይ ቀናት 28.4 ኢንች በረዶ ጥሎ ያውቃል፣ ሰባ ሳንቲ ሜትር አለፈ ማለት ነው፣ እሱ ከመጣ በኋላ በባዶ እጅ ብረት ማሰር በጣም ከባድ ነው። የኛን ሰንሰለት ባለፈው ቅዳሜ ከዲያቆኑ ጋር ሞክረን አስረን ፈታነው፣ አሁን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እናስረዋለን።

አክባሪያችሁ፣ ከሴንት ፖል