ለልጄ ሰው ለሆናችሁለት ሁሉ

የልጄን ነገር የሽሮ ሜዳ ሰው ያውቀዋል። እንደገና አላወራውም። ቤቲንግ ቤት፣ ያ የኳስ ውርርድ ቤት፣ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ያየ አይቶታል፤ ያላየም አይይ። አሁን ልጄ ደህና ነው። ይህን ስጽፍ እሱ ጓዳ ሆኖ ሻንጣውን ያስተካክላል። ከመሄዱ በፊት ምስጋናዬን ላድርስ።

መጀመሪያ ጋሼ። ስማቸውን እንዳልጽፍ "ዋ!" ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ግን በእኛ ሰፈር "ጋሼ" ሲባል የማን ልጅ ነው የሚጠፋው? ሥራቸው ሽመና ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው እንጦጦን ያስወጧቸዋል። አሰልጣኝ ነኝ አይሉም። የሚከፍላቸውም የለም። አንድ ልጅ ከቀረ ቤቱ ሄደው በር ያንኳኳሉ።

"እስቲ ያን ልጅ ወደኔ ላኪው" ሲሉኝ ሊመክሩት መስሎኝ ነበር። ምክርማ ጠግቦ ነበር። እኔ መክሬዋለሁ፣ አጎቶቹ መክረውታል፣ ጎረቤት መክሮታል። ጋሼ አንዲት ቃል አልተናገሩትም። ማግና ቀሰም ሰጡትና "ይቺን አጠንጥንልኝ" አሉት። አለቀ። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ እሳቸው ጋ ይሄዳል፣ ያጠነጥናል፣ የእሳቸውን እጅ ያያል። አርብ አርብ የሠራውን በደብተር ጽፈው፣ አብረው ደምረው፣ ብሩን በእጁ ይሰጡታል። ብር በላብ እንደሚገኝ እዚያ ነው ያየው።

ይህን ግን ሳልናገር አላልፍም። አንድ ቀን ከጋሼ ቤት ብር ጠፋ። ማን ይጠረጠራል? ያው የእኔ ልጅ ነዋ! እሳቸውም ጠየቁት። ልጄ ቤት መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ እራትም አልበላ። እኔም ለራሴ "አበቃ" አልኩ። በማግስቱ ብሩ ከራሳቸው ካፖርት ኪስ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተገኘ" ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ልጄን አስጠሩት። ሸማኔዎቹን በሙሉ ሥራ አስቆሙ። ከዚያ ብድግ ብለው "ትናንት በክፉ ጠርጥሬሃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ" አሉት። ሽበታም ሰው ለጎረምሳ ዝቅ ብሎ! እኛ አገር ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንጃ። ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ የቤቲንግ ቤቱ ደጃፍ አልደረሰም። ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው።

ስለ ሩጫውም ልበል። ልጆቹን ሁሌ ስለ ደራርቱ ያወሯቸዋል። ሁሉም የሚያወራው በባርሴሎና ስለ ወሰደችው የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ነው። ጋሼ የሚያወሩት ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፤ ካሸነፈች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ስለ መዞራቸው። 1984 ዓ.ም. ነበር፤ እነዚህ ልጆች ገና አልተወለዱም። ግን እዚያው የነበሩ ይመስል ይተርኩታል።

ከተራራው ሲወርዱ ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ያጋጥሟቸዋል። ጋሼ ሩጫቸውን ያቆማሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው "እናቶቼ፣ እንዴት አደራችሁ" ይላሉ። ልጆቹም ዳር ይዘው መንገድ ይለቃሉ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ። እናቴ ከዚያው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። ባርኔጣ ያወለቀላት ሰው ስለመኖሩ እንጃ። እንዲያውም ጎረምሶች ይስቁባት ነበር። ወይ እማዬ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ትምህርቱ።

ባንክ የምትሠራዋ የጎረቤታችን ልጅ፣ እህቴ ልበልሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍትሽን ትተሽ በዕድሩ አዳራሽ ሒሳብ ስላስጠናሻቸው አመሰግንሻለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከመቶ ግማሽ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል እኔ ያኔውኑ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንቺ "እኔም የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ" ብለሽ ፊታቸው ቆምሽ። እውነቱን ለመናገር ልጄ 50 አላመጣም። ለሪሚዲያል ግን፣ 50 ላላመጡ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ደርሶታል። ሻንጣውም ለዚያ ነው። አንዳንዱ "ሪሚዲያል ምን አላት" ይላል። ይበል! ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ እኔ አውቃለሁ።

ከቤቲንግ ቤቱ አጠገብ ጉሊት የምትሸጪው እናት፣ ልጄን ስታይ "ና እስቲ ይቺን ሽንኩርት አድርስልኝ" እያልሽ ከዚያ በር ታርቂው እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። ሽንኩርቱ የሚደርስበት ቤት እንኳ አልነበረም አሉ! ውለታሽን በምን እከፍላለሁ።

የዕድራችን አባላት፣ የማኅበር እህቶቼ፣ መምህራኑ፣ የሰፈር ወጣቶች፣ ቤይሩት ሆና በየወሩ "ልጁ እንዴት ነው?" የምትለዋ እህቴ፣ ሁላችሁም ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅር በሉኝ። ረስቻችሁ አይደለም፤ ልቤ ሞልቶ እንጂ። ጋሼ ላይ አበዛሽ የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ አብዝቻለሁ።

አንድ ነገር ልለምንና ላብቃ። ጋሼን ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው። እሳቸው አይናገሩም፤ እኔ ግን ሲያነክሱ አይቻለሁ። እስካሁን ትንንሾቹን ከኋላ ሆኖ ይዞ የሚወጣላቸው ልጄ ነበር። እሱ ደግሞ ይሄዳል። የሰፈሬ አባቶች፣ ወንድሞች፣ እግራችሁ ደህና የሆነ፣ ቅዳሜ 12 ሰዓት እንጦጦ መውጫው ላይ ተገኙላቸው። ሯጭ መሆን አያስፈልግም፤ በእግርም ይወጣል። ለጋሼ ግን እኔ እንደነገርኳችሁ አትንገሩብኝ።