የታካሚ ገመና በካርድ ክፍል መስኮት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጤና ተቋማት የሚጻፈው አብዛኛው ስለ መድኃኒት እጥረትና ስለ ወረፋ ነው። ሊጻፍም ይገባል። ከእነዚህ ባልተናነሰ ሰውን ከሕክምና የሚያርቀው የታካሚ ገመና መውጣት ግን እምብዛም አይነሳም።

ወሎ ውስጥ ሰው በቅሬ፣ ማለትም በእድር ይተዋወቃል። ሐይቅ ከተማ ካርድ የሚያወጣ ሰው ከኋላው የተሰለፈው የቅሬ አባሉ፣ የሚስቱ ዘመድ ወይም የልጁ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሐይቁ ሰው ለመታከም ደሴ ይወጣል፤ የደሴው ኮምቦልቻ ይወርዳል። የመኪና ገንዘብ ያጣ ቀን ቀጠሮው ያልፋል፤ የፀረ ኤች አይ ቪ ወይም የቲቢ መድኃኒቱም ይቋረጣል።

ገመና ብዙ ጊዜ የሚወጣው በአሠራር ጉድለት እንጂ በክፉ ሰው አፍ አይደለም። ሐኪሙ ዘንድ ከመደረሱ በፊት መስኮቱ ላይ ተነግሮ ያልቃል። መስኮቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ስልክ ይበቃል። «ምን አመመህ?» የሚለው ጥያቄ ታካሚው መጀመሪያ የሚታይበት የትሪያጅ ክፍሉ ነው፤ እዚያ የሚዘጋ በር አለ። ተሰላፊው ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንዲርቅ መሬቱ ላይ መስመር ማስመር፣ ተራ ሲደርስም በስም ፋንታ በካርዱ የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች መጥራት ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም በላይ ወጪ የለውም። ቁጥር ለማያነቡ አረጋውያን ባለ ቀለም ካርቶን ይሰጣቸው፤ ቀለሙ ግን የተራ እንጂ የክፍል ምልክት አይሁን። አንድ ክፍል ብቻውን የሚጠቀምበት ቀለም በሳምንቱ በመንደሩ ሁሉ ይታወቃል። ስምና ክፍል ደግሞ በፍጹም አብረው አይጠሩ። «እገሌ፣ ወደ ቲቢ ክፍል!» ተብሎ ኮሪደር ላይ ለተጠራ ሰው ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ምስጢር ቢጠብቅለት ምን ይረባዋል?

ከላቦራቶሪ መስኮት ሥር ውጤት ተከምሮበት፣ ሁሉም የራሱን እስኪያገኝ የሌላውን የሚያገላብጥበት ካርቶን መነሳት አለበት። ወረቀቱ ታጥፎ በስቴፕለር ይመታ፤ ከላይ የካርድ ቁጥሩ ብቻ ይታይ። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ውጤት በአስታማሚ እጅ አይላክ፤ ምርመራውን ወዳዘዘው ክፍል በሠራተኛ ይሂድ። መዝገቦችም እንዲሁ ናቸው። በአንድ መስመር ስም፣ ቀበሌና ውጤት ጎን ለጎን ስለሚጻፍ፣ ለመፈረም ጎንበስ ያለ ታካሚ ከእሱ በፊት የገቡትን ሁሉ ያነባል። የአንድ መስመር ስፋት ያህል ክፍተት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን ገጹ ላይ ቢደረግ ይህ ይቀራል።

ካርድ ከመደርደሪያ ሲወጣ ትሬሰር የሚባለው መተኪያ በቦታው ይገባል፤ የወጣበት ቀን፣ የካርዱ ቁጥር፣ የወሰደው ክፍልና ፊርማ ይጻፍበታል። በጥድፊያ ይዘለላል። ያኔ ካርዱ ይጠፋል፤ አዲስ ይከፈታል፤ ሰውነቱ የማይስማማው መድኃኒት ስም አሮጌው ላይ ይቀራል፤ ታካሚውም ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ሰው ፊት እንደገና ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የጤና ተቋማት በተዘረፉበት በወሎ የጠፋ ካርድ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የአስተርጓሚ ነገር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከባቲ፣ ከከሚሴና ከአፋር የሚመጣ ታካሚ ብዙ ነው። አማርኛ የማይሰማ ሲሆን ከወረፋው ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ የሚችል ሰው ተፈልጎ ይገባል፤ አለዚያ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ያስተረጉማል። «ውርጃ አጋጥሞሽ ያውቃል?» የሚለውን ጥያቄ ልጅ እናቱን እንዲጠይቅ እናደርጋለን ማለት ነው። እናት «የለም» ትላለች፤ ሐኪሙም ያንኑ ይጽፋል፤ ሕክምናው ባልተነገረ ነገር ላይ ይቆማል። በየተቋሙ ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ አይጠፋም፤ ከነርሶች ባይገኝ ከጽዳት ወይም ከጥበቃ ይገኛል። ስማቸውና ፈረቃቸው ተዘርዝሮ በየተረኛ ክፍሉ ይቀመጥ፤ ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርሙ፤ ላስተረጎሙበት ሰዓትም ይታሰብላቸው። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ታካሚዋ አዙሮ አጠር አጠር አድርጎ ይናገር። አስተርጓሚውም የተባለውን እንዳለ ያድርስ፤ የራሱን ምክርና ማብራሪያ አይጨምር። ቤተሰብ ማስተርጎም የሚገባው ሌላ ሰው ጨርሶ ሲታጣና ታካሚዋ ራሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው።

የጤና መድኑንም እናንሳ። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። ለአርሶ አደሩ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እንዲስፋፋም እንፈልጋለን። ሆኖም የክፍያ መጠየቂያው የሰውየውንና የበሽታውን ስም አንድ ላይ ይዞ ወረዳ ሲደርስ፣ ሕክምና ነክ ቃለ መሐላ ያልፈጸሙ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይውላል። ክፍያውን ለማጣራት የአባልነት ቁጥር፣ የበሽታ መለያ ኮድና የዋጋ ዝርዝር ይበቃሉ። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ጤና ጣቢያው ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ኦዲት የሚያደርገው ባለሙያ ካርድ ማየት ካስፈለገው እዚያው ሄዶ ይመልከት፤ ፎቶ ኮፒ አይውጣ።

የሞባይል ፎቶ በአዲስ መልክ የመጣ ችግር ነው። ቁስል አንስቶ በቴሌግራም ስፔሻሊስት ማማከር ሕይወት ያድናል፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ፊት ባይታይም የአንገት ንቅሳት፣ የጆሮ ጌጥ ወይም በጥግ የገባ የካርድ ሽፋን ሰውን ያስለያል። ታካሚው በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ቁስሉ ብቻ ቀርቦ ይነሳ፤ ለአንድ ሐኪም እንጂ ለግሩፕ አይላክ፤ ምክሩ ካርዱ ላይ እንደተጻፈ ምስሉ ከስልኩም ከቴሌግራሙም ይጥፋ። የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ከልክሏል፤ ቴሌግራም ከመታሰቡ በፊት ማለት ነው።

አሠሪ ደውሎ ስለ ሠራተኛው ቢጠይቅ የእረፍት ወረቀቱ ከተቋሙ መውጣት አለመውጣቱ ብቻ ይነገረው፤ በሽታው አይነገር። ፖሊስም በደብዳቤ ይጠይቅ፤ መልሱ በተቋሙ ኃላፊ በኩል፣ በተጠየቀው ልክ ብቻ ይሰጥ። እንደ ኮሌራ ያሉ ወረርሽኞች ለሚመለከተው የጤና አካል ወዲያው ይነገራሉ፤ ለሰፈር ግን አይደለም።

ሕግ አልጠፋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣን ይቀጣል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። ችግሩ አንቀጽ 399 የሚሠራው ተበዳዩ ሲያመለክት መሆኑ ነው። ገመናው የወጣበት ሰው ለማመልከት እንደገና ስሙንና በሽታውን በቅሬታ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ምናልባትም ለዚያው ክፍል ኃላፊ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዝም ይላል። የዞንና የከተማ ጤና መምሪያዎች ቅሬታን በካርድ ቁጥር ብቻ መዝግቦ የሚቀበል፣ ከተቋሙ ውጭ የተቀመጠ አንድ ሰው እንዲመድቡ፣ የሰውየውም ስልክ በየካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን።

በነርስነትና በጤና መረጃ አያያዝ የምንሠራ ባለሙያዎች
ከደሴ